በኪሳችን ያለው ግብፃዊ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችን ስሙን ሰምተን ስለማናውቀው ሰው ነው። ሥራውን ግን ይህን ጽሑፍ በምታነቡበት ስልክ ውስጥ በቢሊዮን ቁጥር ይዛችሁታል። ሰውየው ሙሐመድ ዐጣኡላህ ይባላል፤ ግብፃዊ ነው፣ የፖርት ሰዒድ ልጅ። ፈረንጆቹ «አታላ» እያሉ ስለሚጽፉት የስሙ ምንጭ ተደብቆ ቀርቷል እንጂ፣ ትንሽ ነሕው የቀራ ደረሳ ሲሰማው ወዲያው ይገጣጥመዋል፦ «ዐጣእ» ስጦታ ነው፤ ዐጣኡላህ የአላህ ስጦታ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ እንዳትደናገሩ።)

ስለ ሙስሊሞችና ስለ ሳይንስ በየገጹ የሚለጠፈውን ታውቁታላችሁ። አል-ኸዋሪዝሚ፣ ኢብኑ ሲና፣ ኢብኑል ሀይሠም። እኔም በወጣቶች ደርስ ላይ ስማቸውን ስጠራ ኖሬያለሁ፤ ወደፊትም እጠራለሁ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ኡስታዝ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ከሞቱ ሺህ ዓመት ሆናቸው» አለኝ። ንቀት አልነበረበትም፤ ድካም ነው ያየሁበት። የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ፊዚክስን አልመረጠውም፣ ተመደበበት። አባቱ «ጨርሰህስ ምን ልትሆን ነው? ና ሱቁን ያዝ» ይሉታል። ጓደኞቹ ግማሾቹ ስለ ሳዑዲ፣ ግማሾቹ ስለ ኮዲንግ ነው የሚያወሩት። መስጂድ ሲመጣ ደግሞ «ዱንያዊ ዒልም ነው፣ ምን ያለፋሃል» የሚለው አይጠፋም።

ለመጨረሻው መልሱ አጭር ነው፤ ዑለማዎቻችን ጨርሰውታል። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ውስጥ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ እርሻንና ሽመናን ሳይቀር ጨምረዋል። የሚያውቀው ሰው ከመሐላችን ከጠፋ ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም። እኔን የከበደኝ የአባትየው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም አባት ልጁ እንጀራ እንዲያገኝ መጨነቁ ሐቁ ነው። ፊዚክስ ተምሮ ምን ይሆናል? እሱን ብዬ ስፈልግ ነው ዐጣኡላህን ያገኘሁት።

በ1924 ተወለደ። ፖርት ሰዒድ የሱዌዝ ቦይ ከሜዲትራንያን ባሕር የሚገናኝባት፣ መርከብ የማይቋረጥባት ከተማ ናት። ያኔ በንጉሥ ፉኣድ ስም ይጠራ በነበረው በካይሮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘና ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ኢንዲያና ውስጥ ከሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1947 ማስተርሱን፣ በ1949 ዶክትሬቱን አገኘ። በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ! የዶክትሬት ጥናቱ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ አየር እየሰፋ በሚሄድ አራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚሆነው ነገር ነው። ስለ ኤሌክትሮኒክስ አንድም ነገር የለበትም። ይህ ሰው በኋላ የሠራው ጠጣር ነገሮችን የሚያጠና ፊዚክስ ነው፤ ዲግሪው ላይ ያለው የዲፓርትመንት ስም ግን ሌላ ነው። «ተመደብኩበት» እያልክ የምትብሰለሰል ወንድሜ፣ ይህችን ያዛት።

በዚያው በ1949 ቤል ላብስ ቀጠረው። ቤል ላብስ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1947 ታኅሣሥ ገደማ፣ ባርዲንና ብራታይን የተባሉ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ትራንዚስተር የሠሩት እዚያ ነው፤ ከአለቃቸው ከሾክሌይ ጋር በ1956 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። አዲሱን ግብፃዊ ግን ከእነዚያ ዝነኞች ጋር አላስቀመጡትም። የሰጡት ሥራ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ውስጥ ያሉ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ማጥናት ነበር። ማታ በጨለማ የግድግዳ ማጥፊያ ስትጫኑ ብልጭ የምትል ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ አይታችሁ ከሆነ፣ እሷን ነው ያጠናው። ብልጭታዋ በተደጋገመች ቁጥር የብረቱን ገጽ ትበላዋለች፤ ብረቱ ሲበላ ስልኩ ይበላሻል። ዐጣኡላህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለዚህች ብልጭታ ረጃጅም ጥናቶችን አሳትሟል።

እዚህ ጋ ዘላችሁ አትለፉ። ሥራው ከሩቅ ሲታይ አሰልቺ ነው። ማንም ስለ ማብሪያ ማጥፊያ ኖቤል አይሸልምህም። ግን ሰውየው እዚያ የተማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ዕቃ የሚበላሸው ከውስጡ ሳይሆን ከገጹ መሆኑን። አንድ ነገር ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ዳር ላይ ነው ጉዱ ሁሉ ያለው።

የትራንዚስተሩም በሽታ ገጹ ላይ ነበር። ሲሊከን ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራት ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚቆመው፤ በሶላት ሶፍ እንደምንቆመው፣ ክፍተት ሳይተው። ዳር ላይ የቆመው አቶም ግን ከፊቱ ጎረቤት ስለሌለው እጁ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ እጅ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ይዞ አይለቅም። አንተ ከውጭ በኤሌክትሪክ ኃይል ውስጡን ላዝዘው ብትል፣ ትእዛዝህ ዳር ላይ በተያዙት ኤሌክትሮኖች ይጋረድና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሾክሌይ ራሱ በዚህ መንገድ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ለምን እንዳልሆነለት የገለጸው ባርዲን ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተገኘው እንግዲህ በዚህ ግድግዳ ተገፍተው ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ነው።

ዐጣኡላህ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሲሊከኑን በደንብ አጽድቶ፣ በጋለ ምድጃ ውስጥ ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ማብቀል። ብረት እንደሚዝግ በሉት፤ ሲሊከን ሲዝግ ግን የሚወጣው አሸዋና መስታወት ውስጥ ያለው ያው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ሽፋን ያንን ባዶ እጅ ያስይዘዋል፤ ገጹ ይረጋል። ውጤቱን በ1958 ይፋ አደረገ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሲሊከን ላይ ኦክሳይድ ሲበቅል ቀድሞ ያየው እሱ አይደለም፤ እዚያው ቤል ውስጥ ፍሮሽና ዴሪክ የተባሉ ሰዎች በ1955 አግኝተውት ነበር። የዐጣኡላህ ድርሻ ሽፋኑ ገጹን እንዴት እንደሚያረጋጋ ማሳየቱ ነው። (ይህን የምጨምረው ስለ «ሙስሊም ፈጣሪዎች» የሚጻፉ አንዳንድ ልጥፎች ሁሉንም ነገር ለአንድ ሰው ጠቅልለው ሲሰጡ ስለማይ ነው። ጌጥ ለማብዛት ብሎ እውነትን ማሳጠር የሰለፎቻችን የኢስናድ ባህል አይደለም።)

ቀጥሎ አብሮት የሠራው ዳዎን ካንግ የተባለ ኮሪያዊ ነው። ካንግ በ1931 ሴኡል ተወልዶ፣ በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠና፣ ከጦርነት አገር የመጣ ወጣት ነበር። ሁለቱ ስደተኞች ሲሊከኑን ከታች፣ ኦክሳይዱን መሐል፣ ብረቱን ከላይ አድርገው አዲስ ዓይነት ትራንዚስተር ሠሩ። ላይኛው ብረት ላይ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው፣ ኦክሳይዱ እንዳያልፍ እየከለከለው እንኳ ኃይሉ ወደ ውስጥ ይደርስና ኤሌክትሮኖችን ስቦ መንገድ ይከፍታል፤ ስትነሳው መንገዱ ይዘጋል። አለቀ። መክፈት፣ መዝጋት። አንድ፣ ዜሮ። ስሙ «ሞስፌት» ነው፤ በ1960 ፒትስበርግ በተደረገ የተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ አቀረቡት።

ቤል ላብስ ምን አለ? ብዙም አላለም። አዲሱ ዕቃ ያኔ ከነበሩት ትራንዚስተሮች መቶ ጊዜ ያህል ቀርፋፋ ነበር። ካንግ በ1961 ለአሠራር ቀላል መሆኑንና ብዙ ሆኖ በአንድ ቺፕ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ቢጽፍም፣ ቤቱ ፊቱን ወደሚያውቀው አዞረ። ነገሩን ያነሡት አርሲኤና ፌርቻይልድ የተባሉ ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው። የቀረፋፋውን ያህል ደግሞ አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚበቃውና ሊያሳንሱት የሚመች ሆነ፤ በየዓመቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። በ2020 የወጣው የአፕል ኤም1 ቺፕ ላይ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለ። አሜሪካ የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ከ1960 እስከ 2018 የተመረተውን ሲገምት፣ 13 ጽፎ 21 ዜሮ አስከተለበት። ሱብሓነላህ፤ በሰው እጅ ይህን ያህል ብዛት የተሠራ ሌላ ዕቃ የለም።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንምጣ።

ዐጣኡላህ በ1962 ምርምር ቤቱን ትቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ሂውሌት-ፓካርድ ያቋቋመው የሴሚኮንዳክተር ኩባንያ ውስጥ ገባ። በ1966 ኩባንያው የራሱን ትልቅ የምርምር ማእከል ሲከፍት፣ የጠጣር ፊዚክሱን ላቦራቶሪ የመራው እሱ ነው። ዛሬ ቤታችን የሚበራው የኤልኢዲ መብራት ዘመድ በሆኑት ብርሃን ሰጪ ዳዮዶች ላይ እዚያ ተሠርቷል። በ1969 ወደ ፌርቻይልድ ተሻገረ። ከዚያ፣ ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ፣ ብዙ ሰው ጡረታውን በሚቆጥርበት ወቅት፣ ቺፑንም ትቶ የራሱን ኩባንያ ከፈተ።

የያዘው ነገር ደግሞ ከፊዚክስ የራቀ ይመስላል። የባንክ ሚስጥር ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ባንክ ውስጥ ሰው የሚለየው በፊርማው ነበር፤ ፊርማ ደግሞ ይመሳሰላል። የዐጣኡላህ ኩባንያ ያቀረበው መሣሪያ ካርድ ማንበቢያና ደንበኛው ራሱ ቁጥሩን የሚነካበት ሰሌዳ ነበረው። ደንበኛው የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገባ፣ መሣሪያው እዚያው ወደ ሌላ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ገንዘብ ከፋዩ የሚያየው የተለወጠውን ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ኤቲኤም ማሽኖች በሽቦ ከባንኩ ጋር ሲነጋገሩ ወደሚጠብቃቸው የታሸገ ሣጥን አደገ። ሚስጥሩን የሚፈታው ቁልፍ ያለው ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አይወጣም። የባንኩ ሠራተኛ ቢፈልግ አያየውም፤ አለቃውም አያየውም። ባንከሮች ሣጥኑን በሰውየው ስም ጠሩት፦ የአታላ ሣጥን።

በደንብ አስቡት። አራት ቁጥር ነክታችሁ ከኤቲኤም ብር ስታወጡ፣ ቁጥሯ ከማሽኑ ሳትወጣ በፊት ተለውጣለች፤ መንገድ ላይ የጠለፋት ሰው የሚያገኘው የማይገባ ነገር ነው። እኔ በመድረሳ የአማናን ባብ ስንቀራ፣ ሰው ዘንድ የተቀመጠ ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር የሚባለው። ይህ ሰው የሠራው ግን አማናውን ለተቀማጩ ሰው ሐቀኝነት እንኳ ሳይተው የሚጠብቅ ሣጥን ነው። ደግሞም ሥራው ከድሮው ብዙ አልራቀም፤ መጀመሪያ በብረቱ ገጽ ላይ፣ ቀጥሎ በሲሊከኑ ገጽ ላይ፣ በመጨረሻ ደንበኛና ባንክ በሚገናኙበት ዳር ላይ የሚያፈሰውን ሲደፍን ነው የኖረው።

«ባንክ እኮ ሪባ ነው» የሚል ወንድም እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ቦታው ላይ ነው፣ አልሸሸውም። በወለድ ማበደርና የአንድ ሰው ሚስጥር ቁጥር እንዳይሰረቅ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በ2021 ሥራ የጀመሩት ወለድ አልባዎቹ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮችም ደንበኞቻቸው ካርድና ሚስጥር ቁጥር ይጠቀማሉ። የየትኛው ተቋም ሥራ ይፈቀዳል የሚለውን ዝርዝር ፈትዋ የሚሰጡ መሻኢኾች አሉ፤ የምትቀጠርበትን ቦታ ስም ይዘህ እነሱን ጠይቅ። ዕውቀቱን ግን ከነባንኩ አትጣለው።

የካንግ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ቤል ላብስን አልለቀቀም፤ እዚያው ቆየ። በ1967 ከሳይመን ዚ ጋር ሆኖ፣ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም የተሰጠውን የሚያስታውስ ትራንዚስተር አወጣ። የሸይኽህን ደርስ ያወረድክባት ሚሞሪ ካርድ ከዚያ የመጣች ናት። ከቤል የወጣው በ1988 ነው፤ የጃፓኑ ኤንኢሲ አሜሪካ ውስጥ የከፈተውን የምርምር ተቋም ሊመራ። ስለዚህ «ተመራማሪ ሆኜ ልቅር ወይስ ወደ ኢንዱስትሪ ልግባ» ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ተነሥተው በሁለት አቅጣጫ የሄዱ ሁለት ሰዎች አሉልህ፤ አንዱ ሌላውን የከዳ አይመስለኝም። ሌሎችም አሉ። ኢንቴልን በ1968 ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ሮበርት ኖይስ በ1953 ከኤምአይቲ የፊዚክስ ዶክትሬት የያዘ ነው። ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር ያመጣው ቲም በርነርስ-ሊም በኦክስፎርድ ያጠናው ፊዚክስ ነው።

ልዋሽህ ግን አልፈልግም። እኛ ዘንድ ቤል ላብስ የለም፤ ቺፕ የሚጋግር ፋብሪካም የለም። የፊዚክስ ምሩቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የማስተማር ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን ክቡር ሥራ ነው፣ ደሞዙ ባያስደስትም። ከፊዚክስ ወደ ቴክኖሎጂ የሚሻገር ሰው ይዞት የሚሄደው ግን ፎርሙላውን አይደለም። የተዝረከረከ ነገርን ወደ ሒሳብ መለወጥን፣ መለኪያ መሣሪያ ሲሳሳት ማወቅን፣ አንድ ችግር ላይ ወራት መቀመጥን ነው። ኮዲንግ በዚህ ላይ ሲታከልበት ይቆማል፤ ያለ እሱ በሦስት ወር ኮርስ የሚገኘው ኮዲንግ ቶሎ ይደርቃል። አባትህን «ሱቁን አልይዝም» አትበላቸው። ክረምቱን ሱቁን ያዝላቸው፣ ላፕቶፑን ከባንኮኒው ሥር አድርግ። ብዙ ነጋዴ አባቶች ልጃቸው ሲለፋ ካዩ ልባቸው ይለሰልሳል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ልንካው። በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት ሥራ ስንጠይቅ «ሙሐመድ» የሚለውን እናሳጥረው ወይ ትላላችሁ። ዐጣኡላህ አሜሪካ ውስጥ «ማርቲን»፣ አንዳንዴም «ጆን» በሚል ስም ይጠራ ነበር፤ በ1960 ያስገባው የትራንዚስተር ፓተንት ላይ ያለው ስም ማርቲን ነው። አልፈርድበትም፤ የሰው ውስጥ ወደ አላህ ነው የሚመለሰው፣ እኔም ወልይ ላደርገው አልተነሣሁም። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። የራሱን ኩባንያ የከፈተ ዕለት በሩ ላይ የሰቀለው ማርቲንን አይደለም፤ የአባቱን ስም ነው። የእኔ ሐሳብ፦ ስማችሁን ጻፉት፣ ሥራችሁን ደግሞ ከስማችሁ በላይ አስረዝሙት።

ኩባንያው በ1987 ታንደም ከሚባል የኮምፒውተር ድርጅት ጋር ተቀላቀለ። ታንደምን በ1997 ኮምፓክ ገዛው፤ ኮምፓክን ደግሞ በ2002 ሂውሌት-ፓካርድ ወሰደው። ሰውየው ከ33 ዓመት በፊት ትቶት ወደ ሄደው ቤት፣ ሣጥኑ ስሙን ይዞ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

በ2009 የአሜሪካ ፈጣሪዎች መዘክር ዐጣኡላህንና ካንግን ስለ ሞስፌት አንድ ላይ መዘገባቸው። ካንግ በ1992 ሞቷል፤ አልደረሰበትም። ዐጣኡላህ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 30፣ በ85 ዓመቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ።

ፊዚክስና ኢንጂነሪንግ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ የት እንደምትማሩና ምን ላይ እንደደረሳችሁ ከታች ጻፉልን፤ የቀደመው የኋላውን እንዲያግዝ እናገናኛችኋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።